ከአዬዮ አልጋ ሥር የሚፈሰው ወንዝ

ይህ ነገር የደረሰው የዛሬ አራት ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ ጅግጅጋ ውስጥ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ድምፅ ሳስተምር በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እተርከዋለሁ። ክፍል ውስጥ የምተርከው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ እኔን ስለሚያሳፍረኝ ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። እዚህ ሳልዘል ልጻፈው።

ግቢው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። አንደኛዋ አከራዬ ኤዶ ሀዋ ናት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን በአክብሮት “እርስዎ” ስላት፣ “መአሊን፣ እኔ አንዲት ሴት ነኝ፤ ስንት አድርገህ ነው የምታናግረኝ?” ብላ ስለሳቀችብኝ ተውኩት። መአሊን መምህር ማለት ነው፤ በዚያ ግቢ ሌላ ስም የለኝም። ሁለተኛዋ የኤዶ ሀዋ እናት ናቸው። እሳቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ አዬዮ ይላቸዋል፣ አያት እንደማለት። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ስለ ውሃው ላስረዳ፤ እሱ ካልገባ የቀረው አይገባም። በእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በዚያን ጊዜ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሱብሂ፣ ማለትም ከንጋት ሶላት በኋላ ይለቀቅና ረፋዱ ላይ ይቆም ነበር። ስለዚህ ብዙው ቤት ቢርካ አለው፤ ይኸውም መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ ማጠራቀሚያ ነው። ውሃው ከመንገድ ይመጣል፣ የግቢው በር አጠገብ ባለው ቆጣሪ ያልፋል፣ ከመሬት በታች በብረት ቧንቧ ግቢውን ያቋርጥና ጓሮ ያለው ቢርካ ውስጥ ይገባል። ቢርካው ሲሞላ አንድ ተንሳፋፊ ኳስ ከፍ ይልና ይዘጋዋል። በቆጣሪውና በቢርካው መካከል ያለውን ቧንቧ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ማንም አያስበውም።

በዚያ ዓመት ከጥር ጀምሮ ቢርካው አልሞላ አለ። ውሃው እንደ ወትሮው ይመጣል፣ እንደ ወትሮው ይቆማል፣ ቢርካው ግን ከግማሽ አያልፍም። ኤዶ ሀዋ በአህያ ጋሪ ውሃ ማስመጣት ጀመረች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

“መአሊን፣ አንተ የተማርክ ነህ። ውሃዬን ማነው የሚጠጣው?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ እወዳለሁ። ደብተር አወጣሁ፣ በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ሁሉ ቆጣሪውን በመጀመሪያና በመጨረሻ አነባለሁ፤ የቢርካውን ከፍታ ደግሞ ምልክት ባደረግሁበት ዘንግ እለካለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከሠራሁ በኋላ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በቆጣሪው ካለፈው ውሃ ግማሽ ያህሉ ቢርካው ውስጥ የለም። ሁለት ቀይ መስመር አሰመርኩና ፍርዴን ሰጠሁ፦ ቢርካው ተሰንጥቋል።

ኤዶ ሀዋ አመነችኝ። ቢርካውን ባዶ አደረግን፣ ገብቼ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁት፣ ሲሚንቶ አቡክቼ ዙሪያውን እንደገና ለሰንኩት። እስኪደርቅ ድረስ አንድ ሳምንት ሙሉ በጋሪ ውሃ ኖርን። ሲደርቅና ውሃው ሲመጣ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ገና ከመለሰኔ በፊት፣ ማታ በጋሪ መጥቶ ቢርካ ውስጥ የምንገለብጠው ውሃ በማግስቱ ጠዋት አንድ ጣት እንኳ ጎድሎ አይገኝም ነበር። የተሰነጠቀ ቢርካ እንዲህ አይሆንም። ይህ በራሴ እጅ ደብተሬ ላይ ተጽፏል፣ በንጹሕ ጽሑፍ። ጽፌዋለሁ እንጂ አላነበብኩትም።

በየካቲት መጨረሻ አዬዮ በሚተኙበት ክፍል፣ ከራስጌያቸው በኩል ያለው ግድግዳ ከታች ራሰ። ቤቱ ጥንት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ሆኖ በላዩ ሲሚንቶ የተለሰነ ነው። እርጥቡ ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረ። ቢርካውን ከለሰንኩበት የተረፈ ሲሚንቶ ነበረኝ። ልስኑን ፋቅሁት፣ ስንጥቁን ሞላሁት፣ በማለስለሻ አስተካከልኩት፣ ሲደርቅ ኖራ ቀባሁት። ከቀድሞው ይበልጥ አማረ። ኤዶ ሀዋ ጎረቤት እየጠራች አሳየችው።

በዚያው ሰሞን አዬዮ አንድ ነገር ማለት ጀመሩ። አንዳንድ ጠዋት ኤዶ ሀዋ ሻይ ስትወስድላቸው፣ “ዛሬም ቶጉ ወረደ” ይሏታል። ቶግ ማለት ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ ወንዝ ነው። አዬዮ ያደጉት ደገሀቡር በኩል፣ ከብት ይዘው እንዲህ ባሉ ወንዞች ዳር ነው። ኤዶ ሀዋ ዕድሜያቸው ወደ ልጅነታቸው እየመለሳቸው መስሏት አዘነች። አንድ ቀን ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ “እናቴ ከአልጋዋ ሥር ወንዝ ይፈሳል ትላለች” አለችኝ።

አጽናናኋት። ሰው ሲያረጅ የውስጥ ጆሮው እንደሚዳከም፣ አንዳንዱ የሌለ ድምፅ፣ ፉጨት ወይም የሚፈስ ውሃ የመሰለ ነገር እንደሚሰማው አስረዳኋት። በቃል ብቻ አልበቃኝም። በትልቅ ወረቀት ላይ የጆሮን ሥዕል ሣልኩላት፤ የጆሮ ታምቡሩን፣ ሦስቱን ትንንሽ አጥንቶች፣ ቀንድ አውጣ የመሰለውን የውስጥ ክፍል በሦስት ቀለም አሳየሁ፣ ስማቸውንም ጻፍኩ። ኤዶ ሀዋ ሥዕሉን አክብራ እናቷ ራስጌ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ልክ እኔ ከለሰንኩት ቦታ ከፍ ብሎ።

አዬዮ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሶማሊኛ አንድ ነገር አሉ፤ ኤዶ ሀዋ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች።

“ምን አሉ?”

“‘ይህ ጆሮ የማን ነው?’ ትላለች።”

“የሁላችንም እንዲህ ነው በያቸው።”

ነገረቻቸው። አዬዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። “የኔ አይደለም፣ የኔ ይሰማል” አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ውሃው መጥፋቱን አላቆመም። መጋቢት ሲገባ ቧንቧው ራሱ ሳይበላሽ አይቀርም የሚል ሐሳብ መጣልኝና ገበያ መሐል የቧንቧ ዕቃ ወደሚሸጡት አቶ ግርማ ዘንድ ሄድኩ። አባታቸው ወታደር ሆነው መጥተው ጅግጅጋ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ከተማውን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። ችግሩን ከደብተሬ እያነበብኩ ነገርኳቸው። ከመሬት በታች ያለ ቀዳዳ በድምፅ እንደሚፈለግም ጨመርኩላቸው፣ እሳቸው የማያውቁ ይመስል።

“ስለዚህ የሚፈልጉት ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ነዋ” አሉኝ።

“በትክክል።”

“እንግዲያው ጃማ ደጎሌን እልክልዎታለሁ።”

በዚያን ጊዜ ትንሽ ሶማሊኛ አውቅ ነበር። ደጎሌ ማለት ደንቆሮ ማለት ነው። በዚህ አገር ቅጽል ስም የሚወጣው በሰው ፊት ነው፤ አንካሳውም ረጅሙም በዚያው ይጠራል፣ ማንም አይቀየምም። እኔ ግን የሚቀልዱብኝ መሰለኝ።

“አይሰሙም ማለት ነው?”

“እርስዎ የሚሰሙትን አይሰማም” አሉና መላጣቸውን አሻሹ። “ግን የፊት ጥርሶቹ እያለቁ ነው። እነሱ ካለቁ ይህ ከተማ ቧንቧ ሠሪ የለውም።” የጥርሱ ነገር አልገባኝም። ብጠይቃቸው “በዓይንዎ ያዩታል” ብለው ወደ ሌላ ገዢ ዞሩ።

ዓርብ ማለዳ፣ ውሃው ከተለቀቀ ትንሽ ቆይቶ፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ግቢያችን ገቡ። ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ትከሻቸው ላይ የመሣሪያ ከረጢት፣ እጃቸው ላይ ደግሞ ክንድ ተኩል የሚሆን ፌሮ ብረት ይዘዋል። የብረቱ አንድ ጫፍ ሹል ነው፤ ሌላው ጫፍ መዳብ ተጠቅልሎበታል፣ መዳቡም ተነካክሶ ጎድጉዷል። ኤዶ ሀዋ “አደር ጃማ” ብላ ተቀበለቻቸው። አደር የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ክብር ነው። ጮክ ብለው ካናገሯቸው ይሰማሉ፤ ከንፈርም ያነባሉ።

ደብተሬን ይዤ ቀረብኩና እየጮህኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ሳነብላቸው የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ። አማርኛቸው የከተማ ሰው አማርኛ ነው።

“ወረቀቱን ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። አሁን አስቀምጠው። ከዚህ ቤት ውሃውን የሰማው ማነው?”

“ማንም አልሰማም” አልኩ።

ኤዶ ሀዋ እያፈረች፣ “ማንም አልሰማም፣ አደር። እናቴ ብቻ… እሷ ግን አርጅታለች። ከአልጋዬ ሥር ወንዝ አለ ትላለች” አለች።

አደር ጃማ ከረጢታቸውን መሬት ላይ አኖሩ። “ወደ እሷ ውሰጂኝ” አሉ።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ እያንዳንዱ ነገር አሁንም ዓይኔ ላይ ነው።

ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ከአዬዮ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሰላምታቸው ረጅም ነበር፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘመድ። የአዬዮ ድምፅ ደካማ ስለሆነ ሽማግሌው ከንፈራቸውን ነበር የሚያዩት። ቆይተው “ወንዙ በየት በኩል ነው የሚፈሰው?” ብለው ጠየቋቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

አዬዮ በጣታቸው አሳዩ፤ ከራስጌያቸው ጀምሮ ወደ ግድግዳው። አደር ጃማ ክንዳቸውን ዘረጉላቸውና “እንዴት እንደሚፈስ እዚህ ላይ አሳዪኝ” አሏቸው። አዬዮ የሽማግሌውን አንጓ ያዙ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን በአልጋው ብረት ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ በመዳፋቸው የሽማግሌውን ክንድ መታ መታ ያደርጉ ጀመር። አንዴ ቀጥ ያለ ማሻሸት፣ ቀጥሎ መታ፣ መታ፣ ትንሽ ዝምታ፣ እንደገና መታ። እኔ ጆሮዬን አቆምኩ፤ ከመንገድ የባጃጅ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማሁም።

አደር ጃማ ፌሮውን አነሡ፤ ሹሉን ጫፍ ከአልጋው እግር አጠገብ ወለሉ ላይ አቆሙ፣ መዳብ የተጠቀለለበትን ጫፍ በፊት ጥርሶቻቸው ነከሱት። በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ደፈኑ። የአቶ ግርማ የጥርስ ወሬ ያኔ ገባኝ። ትንሽ ቆይተው ብረቱን አንድ ስንዝር ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጉት። እንደገና ነከሱ። ሦስተኛ ጊዜ ግድግዳው ሥር፣ እኔ ካሳመርኩት ልስን ግርጌ አቆሙት። እዚያ ላይ ብዙ ቆዩ። ፊታቸው ምንም አይልም ነበር፤ ብቻ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዬዮን አዩዋቸው።

ብረቱን ከአፋቸው አወጡና ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ “እናትየዋን አውጧት። ከነአልጋዋ። አሁን” አሉ።

“ለምን?” አልኩ። ምክንያቱን ካላወቅሁ እጄ አይሠራም።

“ትሸከማለህ ወይስ ታስተምራለህ?”

ተሸከምኩ። እኔ በራስጌ፣ ኤዶ ሀዋና አደር ጃማ በግርጌ ሆነን አልጋውን በበሩ አሹልከን አወጣነው፤ ግቢው መሐል፣ ፀሐይ ላይ አኖርነው። አዬዮ ከዓመት በላይ ያላዩትን ሰማይ ያዩ ጀመር። አደር ጃማ ሄደው ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቫልቭ ዘጉ። ከዚያ ብቻቸውን ወደ ክፍሉ ደጃፍ ተመልሰው ሳይገቡ ግድግዳውን አዩ።

“ይህን የለሰነው ማነው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ትንሽ ኩራት ነበረኝ።

“እጅህ ጥሩ ነው” አሉ። “ግድግዳው ሊናገር ነበር። አፉን ደፈንከው።”

ዕቃውን ላውጣ ብዬ ወደ ውስጥ ስራመድ በክንዴ ያዙኝ። “ዕቃ ይገዛል” አሉ። ኤዶ ሀዋ ለእናቷ ጥላ ለማድረግ ምንጣፍ በገመድ ላይ ትሰቅል ነበር። እኔ አደር ጃማን ምን እንደሰሙ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ።

የሰማሁት ድምፅ ትልቅ አልነበረም። ከሚፈርስ ነገር ድምፅ ይልቅ ከባድ ዕቃ የተጫነ ግመል ሲንበረከክ የሚያሰማውን የመሰለ፣ ከሆድ የሚወጣ ነገር ነበር። የክፍሉ ማዕዘን ወደ ታች ዝቅ አለ። ቀጥሎ የራስጌው ግድግዳ ድንጋዮች አንዱ ሌላውን እየተከተለ ወደ ውስጥ ተንሸራተቱ፣ ወለሉም አብሮ ሰመጠ። ጣሪያው በሌሎቹ ግድግዳዎች ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አቧራው እስኪረጋ ጠበቅን። የአዬዮ አልጋ ራስጌ በነበረበት ቦታ ላይ ጉልበት የሚያሰጥም ጉድጓድ ነበረ፤ እኔ ለመሸከም የሚከብደኝ ድንጋይ ሞልቶበታል።

ኤዶ ሀዋ የያዘችውን ምንጣፍ ለቀቀችና እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። እኔ የቢርካው አፍ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አደር ጃማ ከኪሳቸው መፋቂያ አውጥተው ጥርሳቸውን መፋቅ ያዙ።

ለምን ልክ በዚያ ሰዓት እንደወደቀ እስካሁን አላውቅም። ሁለት ግምት አለኝ፤ ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። አደር ጃማን ስጠይቃቸው፣ “መውደቂያው ደርሶ ነዋ” አሉኝ።

ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ መቆፈር ጀመሩ፣ እኔም አብሬያቸው ቆፈርኩ። የብረት ቧንቧው በአዬዮ ክፍል ማዕዘን ሥር ያልፍ ነበር፤ ዝጎ መገጣጠሚያው ላይ ተበልቷል። ውሃ በመጣ ቁጥር እዚያ ይፈሳል፣ ከመሠረቱ ሥር ያለውን አፈር ይዞ ይሄዳል። በየፈረቃው ትንሽ ትንሽ። መሠረቱ ባዶ ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ በስንጥቁ በኩል እርጥበቱ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ እኔ ያንን ምልክት አጥፍቼ በላዩ ኖራ ቀባሁበት።

እየቆፈርን ሳለ የሰሙትን አስረዱኝ። በጥርሳቸው ሦስት ዓይነት ውሃ ይለያሉ። በደህና ቧንቧ የሚሄድ ውሃ እንደ ንብ ነው። ከቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ሰው በጥርሱ መሐል እንደሚያፏጨው ነው። “ሦስተኛው የሚወድቅ ውሃ ነው” አሉ። “ውሃ አፈር ውስጥ ይሰርጋል እንጂ አይወድቅም። ከወደቀ የሚወድቅበት ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ሴትዮዋ ክንዴን ስትመታኝ፣ ያ መታ መታ እሱ ነበር። አጥብቄ የነከስኩት እሷ እንዳልተሳሳተች ለማረጋገጥ ብቻ ነው።”

ይህን ከየት እንደተማሩትም ጠየቅኋቸው። ያደጉት አይሻ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። በሕፃንነታቸው ሁለቱም ጆሯቸው መግሎ ፈሰሰ፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይሰሙም። የሰፈሩ ልጆች ጆሯቸውን ሐዲዱ ላይ አጋድመው ባቡሩ መምጣቱን ይወራረዳሉ፤ እሳቸው ምንም ስለማይሰሙ ይሳቅባቸዋል። አንድ ቀን ተናደው አንድ ትልቅ ሚስማር ሐዲዱ ላይ አቁመው ሌላውን ጫፍ ነከሱት።

“ባቡሩ አፌ ውስጥ ገባ” አሉኝ። ይህን ሲሉ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ፊት ላይ የልጅ ፊት አየሁ። “ከሁሉም በፊት ሰማሁት። ‘መጣ’ ስላቸው አላመኑኝም። ቆመን ጠበቅን። ጠበቅን። መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለእኔ አይወራረዱም።”

ማታ የባዮሎጂ መምህሩን ጓደኛዬን ጠየቅሁ፤ ነገሩ ትክክል ነው። የሽማግሌው ጉዳት በጆሯቸው ታምቡርና በትንንሾቹ አጥንቶች ላይ ነው፤ የውስጠኛው ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ድምፅ በብረቱ፣ በጥርስና በራስ ቅል አጥንት አድርጎ በቀጥታ ወደዚያ ይደርሳል። ይህን ሲያስረዳኝ ሌላው ነገር በራሴ መጣልኝ፤ ተነሥቼ ቆምኩ። የአዬዮ አልጋ የብረት አልጋ ነው። እግሩ ወለሉ ላይ፣ ልክ ከጉድጓዱ በላይ ነበር። እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን በብረቱ ላይ ያሳርፋሉ። አልጋው ለእሳቸው እንደ አደር ጃማ ፌሮ ነበር። እኛ ቆመን የምንሄደው ስላልሰማን የለም አልን። እሳቸው የሰሙት በትክክል ነው፤ በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ማክሰኞና ዓርብ ንጋት። ኤዶ ሀዋን አንድ ጊዜ እንኳ “በየትኛው ቀን ነው ወንዝ የሚሉት?” ብዬ ብጠይቃት ኖሮ፣ ሠንጠረዤ ላይ አንድ ዓምድ ብጨምር ኖሮ፣ ሁሉም ነገር እዚያው ነበር።

አደር ጃማ አዲሱን መስመር በግድግዳው ዙሪያ አዙረው፣ ከመሠረቱ ራቅ አድርገው በፕላስቲክ ቧንቧ ዘረጉት። ግድግዳው እስኪሠራ አዬዮ የኔ ክፍል ውስጥ ተኙ፤ እኔ ጓደኛዬ ዘንድ ሰነበትኩ። የመጀመሪያው ዓርብ፣ ውሃው ከመጣ በኋላ፣ እንዴት እንዳደሩ ልጠይቃቸው ገባሁ። ቢርካው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። በኤዶ ሀዋ በኩል “ቶጉ ደርቋል” አሉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ሌላ ነገር ጨመሩ፤ ኤዶ ሀዋ እንደገና በሻሿ አፏን ሸፈነች።

“ምን አሉ?”

“‘መአሊን፣ ጆሮዬ ዳነ ወይ?’ ትላለች።”

አዬዮ እየሳቁ እጄን መታ መታ አደረጉት፤ በአደር ጃማ ክንድ ላይ እንዳደረጉት።

አሁን ቤት ለሚከራዩ ባልደረቦቼ ሁሉ የምነግራቸው ነገር አለ። በወር አንድ ቀን፣ ውሃ ባለበት ሰዓት፣ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፤ የቢርካውንም ኳስ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ከዚያ ሄዳችሁ ቆጣሪውን እዩ። ምንም ሳይከፈት ከዞረ ከመሬት በታች የሚጠጣ አለ። የራሰ ግድግዳ ካያችሁ ደግሞ ከየት እንደራሰ ሳታውቁ አትለስኑት። ይህን በሚገባ አስረዳለሁ፤ ማስረዳት እችልበታለሁ።

ክፍል ውስጥም ስለ ድምፅ ስደርስ ፌሮ አምጥቼ ተማሪዎቼን አስነክሳለሁ፤ ሌላውን ጫፍ ከሚንቀሳቀስ ሰዓት ጋር አገናኘዋለሁ። ሰዓቱ አፋቸው ውስጥ ሲመታ የሚያሳዩትን ፊት ማየት ደስ ይለኛል። እዚያ ላይ ስለ አደር ጃማ እነግራቸዋለሁ፣ ደወሉም ይደወላል።

የማልነግራቸው ስለ ሥዕሉ ነው። ፍርስራሹን ስናወጣ ከድንጋይ ሥር አገኘሁት፤ ታጥፏል፣ ጭቃ ነክቶታል፣ ሦስቱ ቀለሞች ግን አልጠፉም። ሁሉም ክፍል በስሙ፣ በትክክል ተጽፏል፤ ዛሬ ባርመውም የማስተካክለው ነገር የለውም። ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ ጨርሶ የማይመስል ነገር ሲናገርና ሌሎቹ ሲስቁበት፣ ያ ወረቀት ትዝ ይለኛል። ያኔ ወደ ልጁ ወንበር እሄድና “የት ላይ ነው እንዲህ የሆነው? አሳየኝ እስቲ” እለዋለሁ።